አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት፣ ተሳቢው ስንት ቀን?

ዛሬ ዋጋ ከመለጠፌ በፊት ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ላውጣው። ረዘም ስለሚል መጋዘን ላይ ያላችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቆሎ ፈልጎ ደወለ። ማክሰኞ ናሙና አየ፣ ዋጋ ተስማማን። ሐሙስ ጠዋት እንደገና ደወለና «እስካሁን አልገባም እንዴ?» አለኝ። «ዛሬ እየተጫነ ነው» ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ባህር ዳር እኮ አንድ ሰዓት ነው!»

ሰውየው አልዋሸም። በአውሮፕላን መጥቶ ያውቃል። ጠዋት ከቦሌ ተነስቶ፣ ምሳውን ጣና ዳር ዓሣ በልቶ፣ ማታ ቤቱ ገብቷል። ለእሱ ባህር ዳር ማለት አንድ ሰዓት ናት። ችግሩ ይቺ አንድ ሰዓት ከመንገደኛው ጭንቅላት ወጥታ የእህላችን ዋጋ ውስጥ መግባቷ ነው። ገዢው ዋጋ የሚቆርጠው በአውሮፕላን ሰዓት ነው፤ እህሉ የሚሄደው ግን በተሳቢ ቀን ነው። በመሃል ገበያው ሲወርድ ልዩነቱን የሚከፍለው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሻጩ ነው፦ ገበሬው፣ ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ። ይሄ መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የአንድ ሰዓቷን ነገር እንፍታት። ስልካችሁ ላይ ከባህር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለውን ርቀት ብትጠይቁ ወደ 333 ኪሎ ሜትር ይላችኋል። ይሄ የአሞራ መንገድ ነው። ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ቀጥ ያለ ክር ወጥሮ እንደ መለካት ማለት ነው፤ ተራራ አያውቅ፣ ገደል አያውቅ፣ ኬላ አያውቅ።

በዚህ መስመር ከሚመላለሱት አንዱ ኪው 400 የምንለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። አየር ላይ ከተስተካከለ በኋላ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 333ን ለ660 አካፍሉት፤ ግማሽ ሰዓት ነው የሚመጣው። ታዲያ ትኬቱ ላይ ለምን አንድ ሰዓት ገደማ ይጻፋል? የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ንቅንቅ ሲል ጀምሮ እዚያ ደርሶ ቦታውን ይዞ እስኪቆም ስለሆነ ነዋ። በመሃል ለመነሳት ተራ መጠበቅ አለ፣ ወደ ላይ መውጣት አለ፣ ለመውረድ ፍጥነት መቀነስ አለ፣ ዞሮ የማረፊያውን መስመር መያዝ አለ። በአጭር በረራ ላይ ደግሞ ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ለዚህ ነው ኪው 400 ቀርቶ ቦይንግ ቢመደብ እንኳ ያን ያህል ደቂቃ የማታተርፉት። ጄት የሚፈጥነው መሃሉ ላይ ነው፤ እዚህ መስመር ላይ ግን መሃሉ አጭር ነው።

ይሄን ያነሳሁት የአውሮፕላን አዋቂ ለመምሰል አይደለም፤ የእኔ ዲፕሎማ ቢዝነስ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የፈለግኩት አውሮፕላኑ ራሱ የግማሽ ሰዓት መንገድ በጫፍና በጫፉ ባለው ሥራ ምክንያት አንድ ሰዓት እንደሚሆንበት ነው። የእኛም ጭነት እንደዚያው ነው። ጊዜውን የሚበላው መንገዱ ብቻ አይደለም።

እኔ ናሙና ይዤ ስሄድ ያለውን ቁጠሩልኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ነው፣ እሱ አያስቸግርም። ግን ቀድሞ መገኘት ግድ ነው፤ ፍተሻ አለ፣ ወረፋ አለ። የናሙና ከረጢቴን ሳያስከፍቱኝ ያለፍኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጥሬ ቡና፣ ሽምብራና ኑግ በየላስቲኩ ቋጥሮ የሚሄድ ሰው መድኃኒት አዋቂ ሳይመስላቸው አይቀርም። ቦሌ እወርዳለሁ፣ ከቦሌ ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ እህል በረንዳ የከተማውን መኪና ታውቁታላችሁ። ናሙናው ገዢው ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት የተባለችው በረራ ከደጅ እስከ ደጅ ስድስት ሰዓት ሆነች። ያውም የሁለት ኪሎ ከረጢት ናት፣ ተሸካሚዋ እኔው ነኝ።

በነገራችን ላይ የትኬት ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን ለአባላቶቻችሁ ንገሩልኝ። አንድ እድሜያቸው ገፋ ያለ የማኅበር ሊቀመንበር ለስብሰባ ተጠርተው ትኬቱ በስልክ ተላከላቸው። «10፡00» ይላል። እሳቸው አስር ሰዓት ነው ብለው ምሳቸውን በልተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ደረሱ። አውሮፕላኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሄዷል። «እንግዲህ እኔ የምኖረው በሀበሻ ሰዓት ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉ። ሳቅን፤ ትኬቱ ግን ተቃጠለ።

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና የሚሄደው ያጥራል፤ 500 አይሞላም። ሁለቱም ደጀን ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ የአባይ በረሃ ነው። ረጅሙን ብንይዝ የአሞራዋ 333 ኪሎ ሜትር አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ ሆነች ማለት ነው። ጎንደርም እንደዚሁ ናት። ከባህር ዳር ማረፊያ ጎንደር ማረፊያ በአየር ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ በመኪና 180 ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ጣናን ከላይ ያቋርጠዋል፣ መኪናው በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ይዞረዋል።

ዘጌን ደግሞ እዩዋት። ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ሃያ ኪሎ ሜትር የማይሞላው የሐይቅ መንገድና 333ቱ የአየር መንገድ እኩል ጊዜ ፈጁ ማለት ነው። ከጫካ ጥላ ሥር ቡና ለቅሞ የሚያመጣልኝ የዘጌ ሰውና ከቦሌ የሚመጣው ገዢ ሁለቱም ከእኔ «አንድ አንድ ሰዓት» ርቀው ይኖራሉ። ኪሎ ሜትር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ወደ ተሳቢው ልመለስ። ከደጀን እስከ አባይ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ የወረዱትን ያህል ደግሞ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገሩን አቅልሎታል። ገደሉን ግን ድልድይ አያሳጥረውም። 400 ኩንታል የተሸከመ ተሳቢ እዚያ የሚወርደው በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተሳቀቀ ነው። ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ቢሄድ የሚቀድመው ይመስላል። አስተዋይ ሾፌር ሲመሽ አይገባበትም፤ ደጀን ያድራል። በማግስቱ ፍቼን፣ ጫንጮን፣ ሱሉልታን አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከባድ መኪና ከተማ የሚገባው በሰዓት ገደብ ነው። እንደገና ይቆማል። ስለዚህ ምንም ችግር ሳይገጥመው ዛሬ የተጫነ እህል ሚዛን ላይ የሚወጣው በሦስተኛው ቀን ነው ብላችሁ ያዙ።

«ምንም ችግር ሳይገጥመው» የሚለውን ስጽፍ እናንተም ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን መንገድ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ያን ነሐሴ በረራውም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። አንድ ሰዓት የምትባለዋ ራሷ ጠፋች! ሞባይል ዳታው ደግሞ ከዚያ በኋላ ለወራት አልነበረም። ይሄ ቻናል እዚህ ላለነው የማይታይበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ዋጋውን በደቂቃ ያየዋል፤ እኛ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ፈልገን ማኪያቶ አዘን እንቀመጣለን፣ ካልሆነም ደውለን «ዛሬ ስንት ገባ?» እንላለን። የትናንቱን ዋጋ የዛሬ መስሎን የሸጥን ጥቂት አይደለንም። እኔም አንዱ ነኝ።

እንግዲህ ሦስት ርቀት አለ ማለት ነው። የዋጋው ወሬ በሰከንድ ይደርሳል። ናሙናው በግማሽ ቀን። ጭነቱ ከሦስት ቀን እስከ ፈጣሪ የፈቀደው ቀን። ገዢው ከሦስቱ ሁለቱን በእጁ ይዞ ሦስተኛውን ለሻጭ ይተወዋል። ዓምና የደረሰብንን ልንገራችሁ።

በሐይቁ ምሥራቅ፣ በወረታ በኩል፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራ የሚዘሩ ገበሬዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አንድ መሠረታዊ ማኅበር የአርባ አባላቱን ምርት ሰብስቦ 400 ኩንታል አዘጋጀ። ናሙናውን እኔ በአውሮፕላን ወሰድኩ። ማክሰኞ ቀን ገዢው ፍሬውን አየ፣ በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፣ ወደደው። በስልክ ሊቀመንበሩን አገናኘሁ፣ ዋጋ ተቆረጠ። የጽሑፍ ውል የለም፤ ቃል ነው። «አዲስ አበባ ደርሶ» ነው ዋጋው። እኔ ራሴ ደግሞ በገዛ አፌ «ቅርብ ነው፣ ወዲያው ይገባል» ብያለሁ። ይቺን ቃል እስከ ዛሬ እቆጫታለሁ።

ረቡዕ ጆንያ ጎደለ። ሐሙስ መኪና ፍለጋ ዋለ። ዓርብ ተጫነ። እነዚህ ሦስት ቀናት የእኛ ናቸው፤ በማንም አላላክክም። ቅዳሜ ተነሳ፣ ቡሬ አደረ። እሑድ ከፍኖተ ሰላም ወዲያ መንገድ ተዘግቷል ተባለ፤ እሑድም ሰኞም ቆመ። ማክሰኞ ተከፈተ፣ ደጀን አደረ። ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ ደረሰ፣ ሐሙስ ሚዛን ላይ ወጣ። ዋጋ ከተቆረጠ ዘጠነኛው ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ገበያው ወርዷል። ገዢው «በማክሰኞው ዋጋ አልችልም» አለ። በኩንታል 300 ብር ቀነሰ። ሾፌሩ ደግሞ ለቆመበት ቀን ጭማሪ ይጠይቃል፣ ጭነቱ ላዩ ላይ ነው፣ ሌላ ገዢ እስክንፈልግ የመጋዘን ኪራይ አለ። ሊቀመንበሩ በስልክ «ልጄ፣ አንድ ሰዓት ነው አላልከንም ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? «አያ፣ ይቀበሉ፤ ካልሆነ የበለጠ ይወርዳል» አልኩ። ተቀበሉ።

300 ብር በ400 ኩንታል 120,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ሺህ ብር። ለእኔና ለእናንተ ሦስት ሺህ ብር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለአንድ ገበሬ ግን ከሚገዛው ማዳበሪያ ላይ ጎደለ ማለት ነው።

ገዢውን ሌባ አልለውም፣ ስሙንም አላነሳም። እሱም የራሱ ጭንቀት አለበት። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ቃል ገብቷል፣ መርከብ ተይዟል፣ ባንክ ወለዱን ይቆጥራል። ዘጠኝ ቀን ሲዘገይበት እሱም ከስሯል። ደግሞ እኛ ሻጮችም ንጹሕ አይደለንም። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ገበያው ሲጨምር «መኪና አጣን» እያለ ጭነት የሚያዘገይ ማኅበር አላየሁም አልልም። ናሙናውን ከጥሩው ዘግኖ ጭነቱን የሚቀላቅልም አለ። ገዢው «ደርሶ ካላየሁ አልከፍልም» የሚለው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ላኪው ራሱ ለውጭ ገዢ ሲሸጥ እንዴት ነው የሚሸጠው? ብዙውን ጊዜ ኤፍኦቢ ጅቡቲ። ዕቃው መርከቡ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው የባሕር አደጋ የገዢው ነው። መርከቡ ሐምቡርግ እስኪደርስ ስንት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ገበያው ቢወርድ የጀርመኑ ገዢ ደውሎ «ወንድሜ፣ ወርዷልና ቀንስልኝ» አይለውም። ቢለው ላኪው ምን እንደሚመልስለት አስቡት! ታዲያ ለባሕሩ የማይሸከመውን የወረታ ገበሬ ለአባይ በረሃ ለምን ይሸከም?

ቡና ላይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። የቡና ውል የኒው ዮርክን ዋጋ ተከትሎ ሲጻፍ ዋጋው መቼ እንደሚቆረጥ ውሉ ላይ ይሰፍራል። ለምን እንደሚሰፍር ሒሳቡን ሥሩት። አንድ ኮንቴነር 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ ቡና ይይዛል፤ 19.2 ቶን፣ ከ42,000 ፓውንድ በላይ ማለት ነው። ኒው ዮርክ ላይ በፓውንድ አስር ሳንቲም ስትንቀሳቀስ ኮንቴነሩ ላይ ከ4,200 ዶላር በላይ ተንቀሳቀሰ። በየካቲት 2017 አካባቢ ፓውንዱ ከአራት ዶላር በላይ በወጣበት ሰሞን አስር ሳንቲም የአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ነበረች። ስለዚህ ቡና ውስጥ ያለ ሰው «መቼ ተቆረጠ?» ብሎ ሳይጽፍ አይተኛም። ሽምብራና በቆሎ ላይ ሲሆን ነው ያንኑ ሰው «ያው ሲደርስ እንነጋገራለን» ሲል የምትሰሙት።

የምርት ገበያውም ሥራ ከጀመረበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ያስተማረን ይሄንኑ ነበር። እህሉ መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ዋጋው እዚያው ባለበት መጋዘን ነው። ቡሬ ያለ ዕቃ በቡሬ ይሸጣል፤ ከቡሬ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የገዢው ሒሳብ ነው። ርቀቱ አልጠፋም፣ ግን ስም ወጥቶለት ለብቻው ተቆጠረ። ከምርት ገበያ ውጭ ስንሸጥ ግን ርቀቱን መልሰን ዋጋው ሆድ ውስጥ ቀበርነው።

አንዳንዱ «ታዲያ እህሉንም በአውሮፕላን ላኩት» ብሎ ይቀልዳል። ለቀልድም ቢሆን ሒሳቡን እንሥራው፦ ኪው 400 ሰውም ዕቃም ተደምሮ የሚሸከመው ስምንት ቶን ተኩል ገደማ ነው። ወንበሩን ሁሉ ነቅላችሁ እህል ብትሞሉት 85 ኩንታል። አንድ ተሳቢ ለማንሳት አምስት በረራ። በአየር መሄድ የሚያዋጣው ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ ለሆነ ነገር ነው፤ ተቆልቶ ለስጦታ የታሸገ የዘጌ ቡና ቢሆን ይገባኛል። በቆሎ ግን መሬት ላይ ነው የሚኖረው።

ስለዚህ እኔ የምለው እንዲህ ነው። ዩኒየኖችና ማኅበራት «ደርሶ» የሚለውን ዋጋ ትታችሁ «ከመጋዘናችን» በሚል ሽጡ። ትራንስፖርቱን ለብቻው ጻፉት፤ ገዢው መኪና መላክ ከፈለገ ይላክ፣ እናንተ እንድታፈላልጉለት ከፈለገ ደግሞ ኪራዩ በእሱ ስም ይሁን። «ደርሶ» ካልሆነ አንገዛም የሚል ገዢ ሲያጋጥማችሁ ቢያንስ አንድ ወረቀት ይኑር፦ ዋጋው የተቆረጠበት ቀንና ሰዓት፣ ለመጫን የተሰጠው ቀን፣ ለመንገድ የተሰጠው ቀን። በመጫኛው ቀን ካልጫናችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው፣ ቅናሹን ዋጡት። በቀኑ ጭናችሁ መንገዱ ከተዘጋ ግን ዋጋው አይነካም፤ ቢበዛ የመኪናውን ማቆያ ለሁለት ተካፈሉ። ይሄ ለገዢውም ይበጀዋል። ገበያው ሲጨምርም የተቆረጠው ዋጋ ያው የተቆረጠው ነው፤ ማኅበሩ «መኪና አጣሁ» ብሎ ሊደበቅ አይችልም።

ናሙናውም ሦስት ቦታ ይቆጠር። አንዱ ከገዢ፣ አንዱ ከሻጭ፣ አንዱ ከደላላው ዘንድ፣ ታሽጎ፣ ቀን ተጽፎበት። ጭነቱ ደርሶ ጭቅጭቅ ሲነሳ ሦስተኛው ይከፈታል። ወጪው ሦስት ላስቲክና አንድ ብዕር ነው።

ስለ ደላላው ካነሳሁ የራሴንም ላውጣ። የእኛ ኮሚሽን የሚከፈለው እህሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ገዢ ሲቀንስ ደላላው ወዲያው የሻጩን ክንድ ይዞ «ተቀበል፣ ተቀበል» ይላል። 300 ብር ቢቀነስም ባይቀነስም እኔ በኩንታል የማገኛት ያቺው ናት፤ ድርድሩ ከፈረሰ ግን ምንም አላገኝም። ሊቀመንበሩን «አያ፣ ይቀበሉ» ያልኳቸው ለእሳቸው አስቤ ነበር ወይስ ለራሴ? በእውነት ለሁለቱም። ከእንግዲህ እኔ በማገናኘው ሽያጭ ላይ የተቆረጠው ዋጋ ሲቀነስ ኮሚሽኔም በዚያው ልክ ይቀነስ ብያለሁ። ይሄን የሰሙ የሙያ ጓደኞቼ ተቆጥተዋል። ይቆጡ፤ ምክንያቴን ሊሰሙ የፈለጉ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።

«መንገዱ ሲሰላምና አስፓልቱ ሲጠገን ይሄ ሁሉ ይቀራል» የሚሉኝ አሉ። ይሻሻል ይሆናል፣ እሰየው። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ እዚሁ ባህር ዳር ላይ ወደ ጎንደር በኩል ያለውን ጭንቅንቅ ምን ያህል እንዳቃለለው በዓይናችን አይተናል። ግን መንገዱ ወለል ቢል እንኳ ተሳቢ አውሮፕላን አይሆንም። 565 ኪሎ ሜትር ያው 565 ነው፣ አባይ በረሃም የትም አይሄድም። ወረቀቱን ለመጻፍ የመንገዱን መሻሻል መጠበቅ አያስፈልገንም።

ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ቻናል ዋጋ ስለጥፍ ሦስት ነገር አብሬ እጽፋለሁ፦ ዋጋው ከመጋዘን ነው ወይስ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጭነቱ የተነሳበት ቀን፣ ሚዛን ላይ የወጣበት ቀን። ዛሬ የጫናችሁ ወይም ሰሞኑን ያስገባችሁ ቀኑን ብቻ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የማንም ስም አይወጣም። ከዳንግላ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣና ከወረታ መስመር ያላችሁን በተለይ እጠብቃለሁ። የዛሬው የጤፍ፣ የበቆሎና የኑግ ዋጋ ከመግሪብ በኋላ ይለጠፋል፤ የኑጉ ትንሽ ስላወዛገበኝ ሁለት መጋዘን ደውዬ ላጣራ ነው።